በሩ ላይ ማጣበቂያ፣ ከበሩ ሥር ብየዳ

ከደብረ ማርቆስ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባቲላሜራ፣ ማለትም የመኪናን አካል ላሜራ የሚጠግን ባለሙያ፣ ለመሆን ጋራዥ ከገባህ ሦስት ዓመት ሆኖሃል። አንድ ደንበኛ አሮጌ ቮልስዋገናቸውን ለእድሳት አምጥተው፣ ከውጭ አገር ያስመጡትን ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ የብረት ማጣበቂያ ሰጡና «እሳት ሳይነካው ሁሉም በዚህ ይያያዝ» አሉ። ጋሼ የምትላቸው አሠሪህ ደግሞ «ሙጫ ለጫማ ነው፤ መኪና ይበየዳል» ብለው ካርቶኑን መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት። አንተም መሐል ቆመህ «የብየዳ ሙያ ሊቀር ነው ወይ? ጉልበቴን በየትኛው ላይ ላፍስስ?» ትለኛለህ። ከዚያ በታች የአባትህን ነገርና አዲስ አበባ ሄደህ የመሥራት ሐሳብህን አንስተሃል።

ሁለቱ ሰዎች የተጣሉት አንድ መልስ ለሁሉም መጋጠሚያ ሊሰጡ ስለፈለጉ ነው። እስኪ ቮልስዋገኑን ዞረህ ተመልከተው። ፓራፋንጎዎቹ፣ ከጎማው በላይ ያሉት ሽፋኖች፣ ከፋብሪካ ጀምሮ በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ እዚያ ላይ እሳቱም ሙጫውም ሥራ የላቸውም። የበሩ የውጭ ላሜራ ግን ሰፊና ስስ ነው። እሳት ሲነካው ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎብጣል፤ ከዚያ ጉብጠቱን ለመደበቅ ስቱኮ ስትለቀልቅ ትውላለህ። በጀርባው የነበረው ቀለም ተቃጥሎ ስለሚራገፍም ዝገቱ ዓይንህ ከማያይበት በኩል ይጀምራል። የዚያን በር ጠርዝ ማጣበቂያ ሞልተህ በውስጠኛው ፍሬም ላይ ብታጥፈው፣ ላሜራው ሳይጎብጥ ይያዛል፣ ውኃም አይገባም። የመኪና ፋብሪካዎችም የበር ጠርዝ የሚዘጉት በዚሁ ዘዴ ነው። እዚህ ላይ ደንበኛው ትክክል ናቸው።

ከበሮቹ ሥር ያለው ቦይ ግን ሌላ ነው። የቮልስዋገን ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ፣ የሞቀው አየር ከኋላ ወደ ፊት የሚመጣው በዚያ ቦይ ነው። ቦዩ የአየር መንገድ ብቻ አይደለም፤ የመኪናውን አካል ቀጥ አድርጎ የያዘውም እርሱ ነው። ተበይዶ የተሠራ ነውና ሲታደስም ይበየዳል። ማጣበቂያ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በርዝመቱ ወዲህና ወዲያ ሲጎተት እጅግ ብርቱ ነው፤ ከጫፉ ተይዞ ሲላጥ ግን ይለቃል። መኪናው ነገ ሰው ጭኖ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። «ቦዩም በሙጫ ይሁን» የሚልህን ደንበኛ፣ እጥፍ ቢከፍልህም እምቢ በል። በዚህ ጋሼ ትክክል ናቸው።

ለጋሼ የምትነግራቸው አንድ ነገር ልጨምርልህ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሎተስ ኤሊዝ የተባለው መኪና የአሉሚኒየም ሻሲው የተያያዘው ኢፖክሲ በሚባል ብርቱ ማጣበቂያ ነው። መሐንዲሶቹ ግን ጫፉ እንዳይላጥ ብለው ብሎን ጨመሩበት። ሙጫውን ያመኑት ድክመቱንም ጠንቅቀው ያወቁ ሰዎች ናቸው። ንግግሩን በክርክር አትጀምረው፤ ጋሼ የሚሰጡህን የብየዳ ትምህርት ሳትጨርስ ከእርሳቸው ጋር መጣላት አያዋጣህም።

እኔ ወደ ማስተማር ከመምጣቴ በፊት 11 ዓመት ላሜራ ቀጥቅጫለሁ። በሁለተኛው ዓመት የአንድ ሚኒባስ የጎን ላሜራ በማጣበቂያ አያያዝኩ። ቸኩዬ ስለነበር ጠርዙን የጠረግኩት ቤንዚን በነካ አሮጌ ጨርቅ ነው፤ አውራ ጣት የምታህል አሮጌ ቀለምም ሳልፍቅ ተውኩ። ክረምቱ ሲያልፍ ባለቤቱ መጥቶ ጠርዙን በጥፍሩ ሲያነሳው ያ ቀለም ሙጫው ላይ እንደተለጠፈ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ሙጫው የያዘው ቀለሙን እንጂ ብረቱን አልነበረም። ያን ቀን ያፈርኩትን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ብየዳ አይሞትም፤ ብየዳ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ሥራው እየጠበበበት ይሄዳል። ሙጫ ብቻ የሚያውቅም ባቲላሜራ አይባልም። ደብረ ማርቆስ ላይ የአሮጌ መኪና እድሳት ብቻውን እንጀራ አይሆንህም፤ እንጀራህ የተጋጨ ሚኒባስና አይሱዙ ነው። ቮልስዋገኑን ትምህርት ቤት አድርገው። ጋሼ ዘንድ ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይ፣ ብየዳውን ጨርስ፣ የብቃት ምዘናውንም ውሰድ።

ወደ አባትህ ልምጣ። «ልጁ ቀጥቃጭ ሆነ ይሉኛል» ብለው፣ በሬ ሸጠው የቅዳሜና እሑድ ማኔጅመንት ሊያስተምሩህ ነው። አባትህን አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። ከጥማዱ አንዱ ከተሸጠ የቀረው በሬ ብቻውን አያርስም። ቤተሰቡ ዘንድሮ የሚበላውን ጤፍ፣ አንተ ልብህ ለሌለበት ወረቀት መክፈል ነው። ማሳቸውን የሚያርሱበት ማረሻም የቀጥቃጭ እጅ የሳለው ነው። ይህን ንቀት በአገራችን ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙ ጎበዝ እጆችንም ከሙያቸው አስወጥቷል። ስድቡን ፈርተህ ሙያህን አትተው። ደመወዝህን ቆጥበህ ለአባትህ በየወሩ ትንሽም ቢሆን ስጣቸው፤ ከእኔ ክርክር ይልቅ እርሱ ያሳምናቸዋል።

አዲስ አበባን ለጊዜው ተወው። ሙሉ ሙያ ይዘህ ስትሄድ የምትከፍለው የቤት ኪራይ ያው ነው፣ የምትቀበለው ደመወዝ ግን ይለያል።

አሁን በዚህ ሳምንት የምትሠራውን ልንገርህ። ከተጣለ ላሜራ ሁለት ጣት ስፋት ያላቸው ስምንት ቁራጮች ቁረጥ። አራቱን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ በንጹሕ ጨርቅና በማጽጃ ጥረግ፤ አራቱን እንደነገሩ ተዋቸው። ጓንት አድርግ፣ በሩንም ክፈት። ከቱቦው መጀመሪያ የሚወጣውን፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ጣለው። የጸዱትን እርስ በርስ፣ ያልጸዱትንም እርስ በርስ ሁለት ሁለት አድርገህ አጣብቅና በመያዣ ያዛቸው፤ ግን ሙጫው ሁሉ ተጨምቆ እስኪወጣ አታጥብቅ። ከተማችሁ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ሙጫው የሚጠነክርበት ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ለደብረ ማርቆስ ሌሊት አትመነው፤ ሁለት ቀን ታገሥ።

ከዚያ አንዱን ጫፍ በሞርሳ አስረህ ሌላውን በፒንሳ ላጠው። ሙጫው ለሁለት ተቀድዶ በሁለቱም ብረት ላይ ከቀረ፣ ዝግጅትህ ደህና ነበር። በአንዱ በኩል ባዶ ብረት ከታየህ ጥፋቱ የእጅህ ነው። ስምንቱንም ቀኑንና የዋለበትን ሙቀት ጽፈህባቸው ለጋሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላቸው፤ አንድ ቃል ሳትናገር ራሳቸው አንስተው ይዩት። ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ።