ወታደር የነበረውን አባታችንን እንዴት እናስበው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አባታችን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ተዋግቷል፣ ቆስሏልም። ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ ግን ከጸሎትና ከልጆቹ ውጪ ሌላ ሕይወት አልነበረውም። በሙት ዓመቱ ስለ እሱ እንድናገር ተመርጫለሁ። ወንድሞቼ ጀግንነቱን ተናገሪ ይላሉ። እናቴ ደግሞ "የጦርነቱን ነገር ተዪው፣ ነፍስ ያጠፋ ተብሎ ይወራበታል" ትላለች። በዳዊቱ መጨረሻ ገጽ ላይ የወደቁ ጓደኞቹን ስም በእርሳስ ጽፎ አገኘን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የእናትሽ ስጋት ይገባኛል፤ ግን ወታደርነቱን መደበቅ አያስፈልግም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን ክፈቺ። ስለ ቆርኔሌዎስ መጀመሪያ የሚነገረው የመቶ አለቃ መሆኑ ነው። ከነቤተሰቡ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ምጽዋት የሚሰጥና ሁልጊዜ የሚጸልይ መሆኑ ተከትሎ ይመጣል። የተገለጠለት መልአክ ግን ስለ ማዕረጉ ትንፍሽ አላለም። ጸሎትህና ምጽዋትህ በእግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ አርጓል ነው ያለው።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ወታደርነቱን በአጭሩ ተናግረሽ የቀረውን ለቤቱ ስጪው። ማታ ሲጸልይ ለማን ለማን ይለምን ነበር? ከተቆጣችሁ በኋላ እንዴት ይታረቃችሁ ነበር? ቁጡ ከነበረም ቁጡ ነበር በዪ። ሙገሳ ሲበዛ ልጆቹ ራሳቸው "የኛ አባት ነው እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም።

ወደ ከባዱ ልምጣ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ በ13ኛው ቀኖናው ላይ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ እንዳልቆጠሩት ይናገራል። እዚያው ላይ ግን እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለ3 ዓመት ከቁርባን ቢታገሡ ሳይሻል አይቀርም ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያዢያቸው። ነፍሰ ገዳይ አላለውም፤ ምንም እንዳልተፈጠረም አላለፈውም። ወንድሞችሽ የፊተኛውን ብቻ ይዘዋል፣ እናትሽ የኋለኛውን። መጥምቁ ዮሐንስም ወታደሮች "እኛስ ምን እናድርግ?" ሲሉት ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ስለዚህ አባታችሁን "ገድሏል ወይስ አልገደለም" እያላችሁ መመርመር የእናንተ ድርሻ አይደለም።

ስሞቹን በተመለከተ፣ ዳዊት ላይ ስም የሚጽፍ ሰው ሊጸልይበት ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በንግግርሽ ውስጥ እንደ ማስጌጫ አታንብቢያቸው። ገልብጠሽ ለካህኑ ስጪ፤ በጸሎቱ ላይ ከአባታችሁ ጋር ይታሰቡ። ከወዲያ በኩል የወደቁም አሉ። እነሱም የሰው ልጆች ናቸውና "ስማቸውን አንተ የምታውቃቸው" ብላችሁ ጨምሯቸው። ወንድሞችሽ ይህን ሲሰሙ ቅር ሊላቸው ይችላል። ጠላቶቻችሁን ውደዱ ያለው ግን ጌታ ራሱ ነው። በስሙ ምጽዋት መስጠትም አትርሱ። አቅማችሁ ከፈቀደ አባቱ በጦርነት ለሞተበት ልጅ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። ለንስሐ አባቱ የተናዘዘውን ለማወቅ እንዳትሞክሩ። ካህኑን ብትጠይቋቸውም አይነግሯችሁም፤ ዝም ሲሉም ክፉ አትጠርጥሩ።