ጥቅምትን ከሐዲስ ዓለማየሁ ጋር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና እንጠጣለን። ዘንድሮ ወሬውን ቀነስ አድርገን ጥቅምትን በሙሉ የሐዲስ ዓለማየሁን መጻሕፍት ለማንበብ ተስማምተናል። ዝርዝር ስናወጣ ግን አምስት መጽሐፍ ሆነብን፤ አንዷ ጎረቤቴ ገና ሳንጀምር «እኔ አልችልም» አለች። እናቴም አብራኝ ነው የምትኖረው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሲነበብላት ግን ደስ ይላታል። ሪያድ ያለችው እህቴ ደግሞ «እኔንም አስገቡኝ» ብላለች። እንዴት ብናደርገው ይሻላል?
ሰ. ከጀሞ

መልስ፦ ሰላም ለቤትሽ ይሁን እህቴ። ሐሳባችሁ እንዴት ደስ እንዳለኝ! በተለይ የእናትሽ ነገር። እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ዝርዝሩን ቀንሱት። አምስት መጽሐፍ በአንድ ወር ለፈተና እንደ ማጥናት ነው፤ ጎረቤትሽ «አልችልም» ማለቷ ልክ ናት። የወሩ ዋና መጽሐፍ ፍቅር እስከ መቃብር ይሁን። ከፊቱ ተረት ተረት የመሠረትን፣ ከኋላው ትዝታን አድርጉ። ወንጀለኛው ዳኛ (1974) እና የልም ዣት (1980) ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። በተለይ ወንጀለኛው ዳኛ ራሱን የቻለ ወር ይገባዋል፤ በጥድፊያ ማለፍ ያሳዝናል።

ወሩን ጥሩ መርጣችኋል። ሐዲስ የተወለዱት በጥቅምት ነው። የመስከረም በዓላትም አልፈዋል፤ ማታ ማታ ብርዱ ሰውን ቤት ይሰበስባል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? አጥንቱን ባታገኙ ቡናው አለ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለተረቶቹ ስጧቸው። መጽሐፉ በ1948 የወጣ ነው፤ አንዱ ተረት ቡናው አቦል ላይ ሳለ ያልቃል። እናንተ አንድ ስታነቡ እናትሽ የምታውቀውን አንድ ትንገራችሁ። ስትናገር በስልክሽ ቅጂና ለእህትሽ በቴሌግራም ላኪላት። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ግን የሥራ ሰዓቷ ከእናንተ ቡና ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ በቀጥታ ትግባ ብላችሁ አታስጨንቋት። የምታነቡትን ቅዱላት፤ ሲመቻት ትሰማለች፤ አስተያየቷን እሷም በድምፅ ትመልሳለች።

ከዚያ ወደ ዋናው ግቡ። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ነው፤ ከ500 ገጽ በላይ አለው። በቀን 25 ገጽ ብትሉ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በየቀኑ እያንዳንዳችሁ በየቤታችሁ አንብቡ፤ ቅዳሜ ግን ከሳምንቱ ውስጥ አንድ ክፍል መርጣችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ይህን አደራ እላችኋለሁ። ይህ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሌላ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ሰው ነው በጆሮው «ያነበበው»! በኛ ሰፈር ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ትረካው ሲጀምር ልጅ አዋቂው እዚያ ይሰበሰብ ነበር። አንድም ገጽ ገልጠው የማያውቁ እናቶች ስለ ልቦለዷ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ እንደ ጎረቤት ልጅ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግሁት። እናትሽ ፊደል ስላልቆጠረች ከዳር የምትቀመጥ አይደለችም። ትረካውን ሰምታው ከሆነ እንዲያውም ከሁላችሁም ቀድማ አውቃዋለች። ብቻ መጨረሻውን እንዳትነግራችሁ አስምሏት።

ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሐዲስ ራሳቸው አንድ ነገር አስበውለታል። በዚህ ልቦለድ ውስጥ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። «አለ» የሚለው ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። ነጥቧን ያየ አንባቢ አይደናቀፍም። ነጥቡ ያለበት እትም እጃችሁ ከገባ ለቅዳሜው ንባብ እሱን ያዙ።

ስትወያዩ ከፍቅሩ አትጀምሩ። ከስለቱ ጀምሩ። መጽሐፉ የሚነሳው ማንኩሳ ላይ፣ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። የበዛብህን ዕጣ የወሰነው የእናቱ ስለት ነው። ልጇ ዕድሜ እንዲያገኝላት ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችው፤ እሱ ግን ምንም አልተጠየቀም። ቅኔ ፍለጋ ዲማ ጊዮርጊስ ሲወርድም፣ በኋላ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሲያስተምርም ያ ስለት አብሮት ነው። እናትሽን ጠይቂያት፤ «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ትሳይው ነበር?» በያት። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጧት። በዚህ ጥያቄ ላይ ከእሷ የተሻለ ሐያሲ አታገኙም።

የጉዱ ካሣን ንግግር ደግሞ ከመካከላችሁ ክርክር የምትወደው ታንብበው። የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ሆኖ ሳለ የመኳንንቱን ሥርዓት ፊት ለፊት የሚሞግት ሰው ነው፤ «ጉዱ» ያሰኘውም ይኸው ነው። ስታነቡት ጊዜውን አስቡ። በ1958 ንጉሡ ዙፋን ላይ ነበሩ። ደራሲውም ሚኒስትርና አምባሳደር ሆነው መንግሥትን ያገለገሉ ሰው ናቸው። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ገና በ1967 ነው። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ ላይ ሲነሱ የተጻፈውን በዚህ ዓይን ስታዩት ልባችሁ ይመታል። እኔ ከፍቅሩ ይልቅ እዚህ ጋ ነው ሁልጊዜ የምቆየው።

ለወሩ መጨረሻ ትዝታን አስቀሩ። በ1985 የታተመ የሕይወት ታሪካቸው ነው። ከራስ እምሩ ጋር ጣሊያንን ሲወጉ የሆነውን ታገኙበታላችሁ። ሐዲስ ተማርከው ጣሊያን አገር ተወስደዋል፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረዋል። ሁሉንም ለመጨረስ አትሩጡ። የጦርነቱን ክፍል ብቻ አንብቡ። የፍቅር እስከ መቃብርን ደራሲ እንደ ሰው የምታገኙት እዚያ ነው።

መጽሐፍ ለሁሉም መግዛት አያስፈልግም። ለአምስት ሰው ሁለት ቅጂ ይበቃል። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችንና አዟሪዎችን ጠይቁ፤ ፍቅር እስከ መቃብርን የማያውቅ ሻጭ የለም። ስትገዙ ግን መሐሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ገጹ መሙላቱን እዩ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን ገዛሁለት፤ «አማርኛው ይከብዳል» ብሎ 30 ገጽ ላይ ተወው። ልጫነው ወይስ ልተወው?
አባት ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጫኑን ይተዉት፤ መጽሐፉን ግን አይደብቁት። የከበደው የጎጃም የገጠር ኑሮና የቤተ ክህነት ትምህርት ቃላት ይመስለኛል፤ ለከተማ ልጅ ያስቸግራሉ። በዛብህ ፊታውራሪ ቤት አስተማሪ ሆኖ ከሚገባበት አካባቢ ያስጀምሩት። ታሪኩ ከያዘው ወደ መጀመሪያው ራሱ ይመለሳል። ከዚያ ጀምሮ አንዱን ምዕራፍ እርስዎ ያንብቡለት፤ ቀጣዩን እሱ ያንብብልዎት። ያልገባው ቃል ሲመጣ እዚያው ይንገሩት እንጂ መዝገበ ቃላት አያስይዙት። እርስዎም የማያውቁት ከሆነ ለአያቱ ይደውሉ።