ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ከፍ ያለችው ደሴ ናት

በዚህ ወር ስለ ላብራቶሪ ሥራ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከደሴና ከኮምቦልቻ ናቸው፤ አራቱን መርጬ መልሻለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ እኔንም ድሮ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ማይክሮባዮሎጂ እየተማርኩ ነው። ሚዲያ (የባክቴሪያ ምግብ) ስሠራ ልክ ፕሮቶኮሉ እንደሚለው 15 ፒ ኤስ አይ ግፊት ላይ ለ15 ደቂቃ አውቶክሌቭ አደርጋለሁ፤ ጀርሙ እንዲሞት በታመቀ እንፋሎት አበስለዋለሁ ማለቴ ነው። ግን ምንም ባክቴሪያ ያልዘራሁበት ፕሌት (ሚዲያው የሚፈስበት ሳህን) በሁለተኛው ቀን ነጫጭ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ያበቅላል። አውቶክሌቩ ምድጃ ላይ የሚጣደው ዓይነት ነው፣ አዲስ ነው፣ ሙቀት ማሳያ ቴፑም ይጠቁራል። ኮምቦልቻ ያለች ጓደኛዬ በተመሳሳይ ማሽን ነው የምትሠራው፤ እሷ ምንም አልሆነችም። ችግሩ እጄ ነው ማሽኑ?

መልስ፦ እጅሽም ሊሆን ይችላል፣ አልደብቅሽም። ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ደሴን ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እናትሽ የሽምብራ ንፍሮ ስትጥድ ምን ያህል እንደሚቆይባት ታውቂያለሽ፤ ውሃው ይንተከተካል እንጂ 100 ዲግሪ አይገባም፣ 92 አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። አውቶክሌቭም ያው ድስት ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚነግርሽ የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የውጭው አየር ራሱ 14.7 ፒ ኤስ አይ ይጫናል፤ በዚያ ላይ 15 ሲደመር 30 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ እንፋሎቱም 121 ዲግሪ ይደርሳል። ፕሮቶኮሉን የጻፈው ሰው ያሰበው እንዲህ ያለ አገር ነው። ደሴ ላይ ግን የውጭው አየር 11 እንኳ አይሞላም። ጌጁ 15 ላይ ቆሞ እያየሽው ውስጡ ያለው ሙቀት 116 ወይም 117 ነው።

አራት ዲግሪ ምን አላት እንዳትዪ። ሙቀትን አጥብቀው የሚቋቋሙት የባክቴሪያ ስፖሮች (ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ያንቀላፉት) እንዲህ ናቸው፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር እነሱን ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ ወደ 10 እጥፍ ያድጋል። በአራት ዲግሪ ተኩል ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። 15 ደቂቃሽ 40 ደቂቃ መሆን ነበረበት ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ማሽኑ የሙቀት መለኪያ ካለው ጌጁን ተዪውና ሙቀቱን ተከተዪ፤ 121 ከገባ በኋላ ነው ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው። ደሴ ላይ 121 ለመድረስ ጌጁ 19 አካባቢ ማንበብ አለበት። ያንቺ ግን ክዳኑ ላይ በሚቀመጥ ክብደት ብቻ የሚሠራ ከሆነ 15 ላይ ይቆማል፣ ከዚያ አያልፍም። እባክሽ ክብደቱ ላይ ሌላ ነገር አትጫኚበት! ድስቱ የተሠራበት ልክ አለው፣ ፊትሽ ላይ ይፈነዳል። ደቂቃውን ወደ 40 እና 45 አድርሺው። ሚዲያሽ ግሉኮስ ካለበት ረጅም ሙቀት ያከስለዋል፤ ስኳሩን ለብቻው ብታዘጋጂው ይሻላል። ሌላው ደግሞ አየሩ ነው፤ ቫልቩን ከመዝጋትሽ በፊት እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይውጣ። ውስጥ የቀረ አየር ካለ ጌጁ ይዋሽሻል።

እጅሽን ለመፈተን አንድ ቀላል ነገር አለ። አውቶክሌቭ ያደረግሽውን ሚዲያ አንዱን ጠርሙስ ሳትከፍቺ ሁለት ቀን ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ ማሳደጊያው ሙቅ ሳጥን) ውስጥ ተዪው። እሱም ከበቀለ ጥፋቱ የሙቀቱ ነው። እሱ ንጹህ ሆኖ ፕሌቱ ብቻ ከበቀለ ግን ስታፈሺው ገብቶበታል፤ እንግዲያው መስኮቱን ዝጊ፣ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አታንሺ፣ ወሬውንም ለሻይ ሰዓት አቆዪው። ቴፑ መጥቆሩ ደግሞ ሙቀት ነክቶታል ከማለት ብዙም አያልፍም። ጀርሙ ሞቷል አይደለም የተባለው።

ጓደኛሽንስ? ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረጎን ቁልቁል ወርደሽ የምታገኚው አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ እሷም ከ118 አታልፍም። እስካሁን ዕድሏ ነው። ሰላምታዬን አድርሺልኝና 35 ደቂቃ በያት።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። አንድ ኬሚካል ጠርሙስ ላይ የሚያበቃበት ዓመት 2018 ይላል። እኛም 2018 ላይ ስለሆንን ገና ነው ብዬ ተጠቀምኩበት። መምህሬ አይተው ሳቁ፣ ክፍሉም ሳቀ። ይህን ያህል ያስቃል እንዴ?

መልስ፦ እኔ አልስቅብህም ወንድሜ። ጠርሙሱ የፈረንጆቹን 2018 ነው ያለው፤ ያ ደግሞ በእኛ 2010 እና 2011 ላይ አልፏል። ስንት ዓመት ያለፈበት ነገር ነው የቀዳኸው።

እኔ ራሴ በሰዓት ነው የተሸወድኩት። አንድ ከውጭ የመጣ መምህር ፕሌቶቹን ማታ 11 ሰዓት ላይ ኢንኩቤተር አስገብቶ፣ ክዳኑ ላይ «3:00 ላይ ይውጣ» ብሎ ጻፈ። እኔ ታዛዥ ነኛ፣ ጠዋት በ3 ሰዓት አውጥቼ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁለት። እሱ ለካ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትን ነው ያለው! ኮሎኒው ገና የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ሰውየው መጥቶ ፕሌቶቹን ወደ መብራቱ አነሳና ዝም ብሎ አየኝ፤ ያ ዝምታ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው፦ ጠርሙስ ስከፍት የተከፈተበትን ቀን እጽፋለሁ፣ አጠገቡ «ኢ» (የኢትዮጵያ) ወይም «ፈ» (የፈረንጅ) እጨምራለሁ። ሰዓት ከሆነ «ጠዋት»፣ «ማታ» ብዬ በፊደል። ፕሌት ከሆነ ጽሑፉ ክዳኑ ላይ ሳይሆን አጋሩ (የረጋው ሚዲያ) ያለበት ጎን ላይ ይሁን፤ ክዳን ይቀያየራል። ደብተሩ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ስትሳሳት አንድ መስመር አስምርበት እንጂ አትፋቀው፣ ገጹንም አትቅደደው። የተሳሳተውም ነገ ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በቀለም የሚለዩበት ዘዴ) ሠራን። ስታፊሎኮከስ ነው ብለው የሰጡን ባክቴሪያ ወይን ጠጅ ቀለም መሆን ሲገባው ቀይ ሆኖ ወጣ፣ የቡድናችን ሁሉ። ባክቴሪያው ተሳስቶ ነው የተሰጠን? (አራት ተማሪዎች፣ ደሴ)

መልስ፦ ባክቴሪያውን ከመክሰሳችሁ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅ። ፕሌቱ መቼ ተዘራ? ዓርብ ተዘርቶ ሰኞ የወጣ ከሆነ ሌላ ምክንያት አልፈልግም። ባክቴሪያው ሲያረጅ ግድግዳው ይሳሳል፣ የያዘውን ቀለም ይለቃል፣ ፖዘቲቩ (ወይን ጠጁ) ኔጋቲቭ (ቀይ) መስሎ ቁጭ ይላል። ከ18 እስከ 24 ሰዓት የሆነው ይሻላል።

ሁለተኛው አልኮሉ ነው። ክሪስታል ቫዮሌት (ወይን ጠጁ ቀለም) አንድ ደቂቃ፣ አዮዲን አንድ ደቂቃ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ብታስረዝሙ ብዙ አትጎዱም። ቀለሙን የሚያጥበው አልኮል ላይ ግን ሰከንድ ነው የሚቆጠረው። ስላይዱን አጋድላችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ የሚወርደው ጠብታ ጥርት ሲል ወዲያው ውሃ። ስልክ ከተነሳ አለቀ። አሴቶን የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። በተቃራኒው ስሚሩን (ስላይዱ ላይ የቀባችሁትን ባክቴሪያ) እንደ ገንፎ ካወፈራችሁት አልኮሉ ዘልቆ አይገባም፣ ሁሉም ወይን ጠጅ ሆኖ ይቀራል። አዮዲኑም ያረጀና የነጣ እንዳይሆን፤ ቀለሙን ውስጥ የሚያስረው እሱ ነው።

ሰበቡን ለመለየት በዚያው ስላይድ ላይ ጎን ለጎን ሦስት ነጥብ አድርጉ፦ የታወቀ ስታፊሎኮከስ፣ የታወቀ ኢ ኮላይ (ቀይ መሆን ያለበት)፣ መሃል ላይ የእናንተው። የታወቁት ሁለቱ ትክክለኛ ቀለማቸውን ካልሰጡ የመሃለኛውን አታንብቡት። ዴንማርካዊው ሐኪም ግራም ዘዴውን ያወጣው በ1884 (ፈ) ነው፤ ይኸው እስካሁን ተማሪ ያስለቅሳል።

ጥያቄ፦ የላብራቶሪ ረዳት ነኝ፣ ኮምቦልቻ። ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ነበር መሰለኝ፤ ሰኞ ስገባ ፍሪዘሩ ይሠራል፣ ኢንዛይሞቹ ግን ፈሳሽ ናቸው። ልጣላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይጣሉ። ኢንዛይም የሚሸጠው ግማሹ ግሊሰሮል ሆኖ ነው፣ በኔጋቲቭ 20 ዲግሪም አይረጋም። ፈሳሽ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ዲኤንኤ የሚያባዛው ታክ ፖሊመሬዝ ጠንካራ ነው፤ ከዚህ በፊት በሠራልዎት ዲኤንኤ አንድ ፒ ሲ አር (ዲኤንኤ ማባዛት) ይሞክሩና ባንዱን (ጄል ላይ የሚታየውን የዲኤንኤ መስመር) ይዩ። ፕራይመርም (የማባዛቱ መነሻ አጭር ዲኤንኤ) አያሳስብዎ። ዲኤንኤ የሚቆርጡት ሬስትሪክሽን ኢንዛይሞች ስስ ናቸው፣ እነሱን በታወቀ ፕላዝሚድ (ክብ የባክቴሪያ ዲኤንኤ) ይፈትኑ። በኔጋቲቭ 80 የተቀመጡ ኮምፒተንት ሴሎች (ከውጭ ዲኤንኤ እንዲቀበሉ የተዘጋጁ ባክቴሪያዎች) ካሉና ቀልጠው መልሰው ከረጉ ግን፣ እነሱን ይጣሉ፣ አይድከሙባቸው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ፍሪዘሩ ውስጥ ባዶ የቀረውን ቦታ ውሃ በሞሉ ሃይላንዶች ይሙሉት፣ ቅዝቃዜውን ያቆዩልዎታል፤ ውሃው ሲረጋ ስለሚሰፋ እስከ አፉ አይሙሏቸው። ደግሞ በአንድ ስኒ ውሃ አርግተው፣ በረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ስኒውን ይዩ። ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም። ሥር ወርዶ ከረጋ ግን እርስዎ በሌሉበት ሁሉም ቀልጦ ነበር፣ ፍሪዘሩ አሁን የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ።