የሥራ ሰዓት ድምር ከ24 ሲያልፍ

ጥያቄ፦ የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ ሰዓት ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ። በቀን 8:30 የሠራ ሰው የአምስት ቀን ድምሩ 42:30 መሆን ሲገባው 18:30 ይለኛል። ማታ 22:00 ገብቶ በማግስቱ 6:30 የወጣ ሠራተኛ ላይ ደግሞ ሴሉ በ##### ይሞላል። ቀመሬ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ የድምሩ ቀመር ትክክል ስለሆነ አይንኩት። ችግሩ ያለው አቀራረቡ ላይ ነው። ኤክሴል ሰዓትን የሚይዘው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ነው፦ ሙሉ ቀን 1፣ 12:00 ማለት 0.5፣ 6:00 ደግሞ 0.25። የእርስዎ ድምር በውስጡ 1.7708 ገደማ ነው። ተራው የሰዓት ፎርማት 1ን እንደ ሙሉ ቀን ቆጥሮ ይተወውና የቀረውን 0.7708 ብቻ ያሳያል፤ እሱ ነው 18:30 የሆነብዎ። ለማረጋገጥ የሴሉን ፎርማት ወደ ጀነራል ይቀይሩት፤ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እኔ ሰዓት ነክ ስሌት ባስቸገረኝ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ድምሩ ያለበትን ሴል መርጠው ኮንትሮልና 1ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ በታይም ዝርዝር ውስጥ 37:30:55 የሚለውን ናሙና ይምረጡ። ጎግል ሺትስ ላይ ከሆኑ ከፎርማት ሜኑ ነምበር፣ ከዚያ ዱሬሽን ነው።

የሌሊቱ ፈረቃ ግን እውነተኛ የስሌት ችግር ነው። ከ6:30 ላይ 22:00 ሲቀነስ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ኤክሴል ደግሞ በተለመደው ቅንብሩ ኔጌቲቭ ሰዓት ማሳየት ስለማይችል ሴሉን በ##### ይሞላዋል። ሴሉን ማስፋት አይፈታውም። እንዲህ ይጻፉት፦

=ሞድ(መውጫ-መግቢያ,1)

ሞድ በላቲን ኤም፣ ኦ፣ ዲ ተብሎ ይጻፋል፤ በመውጫና በመግቢያ ቦታ የሴሎቹን አድራሻ ያስገቡ። ውጤቱ ከዜሮ ሲወርድ አንድ ቀን ስለሚጨምርበት 8:30 ያገኛሉ። የቀኑን ፈረቃም ስለማያበላሽ ለሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት ቀመር ይጠቀሙ። ፈረቃው 24 ሰዓት ከሞላ ወይም ካለፈ ግን ሞድ አያዋጣም፤ ያኔ ቀኑንና ሰዓቱን አንድ ሴል ውስጥ አብረው መዝግበው በቀጥታ ይቀንሱ።

አልጠየቁኝም እንጂ፣ ከዚህ መዝገብ ክፍያ የሚያሰሉ ከሆነ በጣም ይጠንቀቁ፤ የሰው ደመወዝ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። የሰዓት ክፍያው 50 ቢሆንና ድምሩን በቀጥታ በ50 ቢያባዙት 88.54 ብቻ ይወጣል። መጀመሪያ በ24 ማባዛት አለብዎት፦

=ድምር*24*50

ይህ 2125 ይሰጣል። ውጤቱ ሰዓት መስሎ ከታየ ፎርማቱን ወደ ነምበር ይቀይሩ። በ24 ብቻ ሲያባዙ የሚያገኙት 42.5 ደግሞ 42 ሰዓት ከ30 ደቂቃ እንጂ 42 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አይደለም።

ሰዓቱን ከሌላ ሲስተም ገልብጠው ድምሩ 0 ከሆነብዎ፣ የገባው ሰዓት ሳይሆን ጽሑፍ ነው። አሰላለፉን ካልነኩት ጽሑፍ ወደ ግራ፣ እውነተኛ ሰዓት ወደ ቀኝ ይጠጋል። ባዶ ዓምድ ላይ ሴሉን በ1 የሚያባዛ ቀመር ቢጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ከዚያ የሰዓት ፎርማት ይስጡት።