ከሉሲ እስከ ጃንሆይ መኝታ ቤት፦ ስለ ገነተ ልዑል የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ስድስት ኪሎው ሙዚየም፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ስለነበረው ገነተ ልዑል፣ ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን ልመልስ።

ሉሲን ላይ ሄጄ አጣኋት። የት ወሰዷት?

የትም አልወሰዷትም። ድንቅነሽ ያለችው ብሔራዊ ሙዚየም ነው፣ አምስት ኪሎ። በአንድ ኪሎ ተሳስተሃል።

ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?

በር ላይ ጠይቁ። ፍላሹን ግን ተፈቀደም አልተፈቀደ አጥፉት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጆቼ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ "እንሂድ" አሉኝ።

እኔም በእነሱ ዕድሜ ያንኑ እል ነበር። ከደጅ ጀምሪ። ግቢው ውስጥ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። የሠሩት ጣልያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ወዲህ ያለ አንድ ዓመት ነው። ከነፃነት በኋላ የእኛ ሰዎች ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ይህን ቀልድ ልጆች ቶሎ ይረዱታል። ከዚያ የጃንሆይን መኝታና መታጠቢያ ቤት አሳዪያቸው። መንፈሳዊ ሥዕሎቹ ጋ ስትደርሱ ደግሞ "አንድ ዓይን ያለውን ማን ቀድሞ ያገኛል?" በያቸው። በጥንቱ አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሣለው።

እውነት እዚያ ቤት ሰው ተገድሏል?

አዎ። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሽነዋል። ከዚያ በፊትም፣ የካቲት 12 ቀን 1929፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው ግቢ ነው። በአጸፋው ያለቀውን ሕዝብ የሚያስታውሰው ሐውልት ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ቆሟል። ከመፈንቅለ መንግሥቱ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ጃንሆይ የሰጡት ቤቱ አስጠልቷቸው ነው የሚል አለ። እኔ ልባቸው ውስጥ አልነበርኩም።

እናቴን ከገጠር አምጥቼ ሥዕሎቹን ሳሳያት ነጠላዋን አስተካክላ ልትሳለም ጠጋ አለች። ጠባቂው "እማማ፣ አይነካም" አላት። በጣም አፈርኩ።

ለምን ታፍራለህ? ምናልባት እዚያ ክፍል ውስጥ ሥዕሉ ምን እንደሆነ የገባት እሷ ብቻ ነበረች። እነዚያ ሥዕሎች ግድግዳ ለማሳመር አልተሣሉም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃ ይጋረድባቸዋል። ታጣፊዎቹም እንደ መጽሐፍ ይዘጋሉ። መታየት ብቻ ሳይሆን መሸፈንም ክብራቸው ነው። እኛ ግን ከፍተን፣ መብራት አብርተን፣ ከሥራቸው ቁጥር ለጥፈን ቆመን እናያቸዋለን።

ሙዚየም ይቅር ማለቴ አይደለም። በ1860 መቅደላ ሲወድቅ ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል የወሰደው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የሙዚየም ሰው ነው፤ ለራሱ አስቀረው። ስድስት ኪሎ የተሰበሰበው ባይሰበሰብ ስንቱ በሻንጣ ይወጣ ነበር? ጠባቂውም አልተሳሳተም። ሥዕሉ እንጨት ነው፣ በላዩ ነጭ ልባስ፣ በዚያ ላይ ስስ ቀለም። የከንፈርና የእጅ ቅባት ቀስ በቀስ ይበላዋል። አባቶቻችን በመጋረጃ ይጠብቁት ነበር፣ እሱ ደግሞ በ"አይነካም" ይጠብቀዋል። ሁለተኛ ስትሄዱ እናትህ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ እጅ ትንሣ። ጎንበስ ማለትን የሚከለክል ጠባቂ ካለ ለእኔ ንገረኝ።

ከዋሽንግተን፦ ከአያቴ የወረስኩት የእመቤታችን ሥዕል አዲስ አበባ እህቴ ቤት አለ፤ ጠቁሯል። በዘይትና በሎሚ ላጽዳው? ከዚያ ይዤው ልመጣ ነው።

በስመ አብ! ዘይቱን ለወጥ፣ ሎሚውን ለሰላጣ። ጥቁረቱ የጢስና የዕጣን ይሁን ወይስ የቀለሙ የራሱ፣ አንቺም እኔም አናውቅም። ሎሚው ጢሱን ሲያነሳ የእመቤታችንን ፊት አብሮ ሊያነሳ ይችላል። ይህን የሚለየው የቅርስ ጥገና ባለሙያ ነው። "ባለሙያ አማክሩ" ስል አንዳንዴ ለወጉ ያህል ነው፤ ዛሬ ግን የምሬን ነው። እህትሽ ቅርስ ባለሥልጣን ትሂድ፣ ፎቶውን ታሳይ። ስለ ጉዞውም እዚያው ትጠይቅ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቦሌ ላይ ሻንጣሽ ተከፍቶ ከምታለቅሺ አሁን ጠይቂ።

እስከዚያው ፀሐይ የማያገኘው፣ ከምድጃ የራቀ ግድግዳ ላይ ትስቀለው። ስስ ነጠላ ብትጋርድበትም አይከፋም።