ስለ ነጋዴ ሳንቲም ጠይቁኝ

ጎንደር ተቀምጬ የድሮ ገንዘብ እሰበስባለሁ። በብዛት ያለኝ ማርትሬዛ ነው፤ አብልጬ የምወደው ግን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነጋዴዎች ራሳቸው ያሠሯቸውን የመዳብ ሳንቲሞች ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሳንቲሞቹ ላይም ያለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መንግሥት እያለ ነጋዴ እንዴት ገንዘብ ያሠራል?

መልስ፦ ዝርዝር ሲጠፋ ምን ያድርግ? ጦርነቱ ሲበረታ ሰው ወርቁንና ብሩን ደበቀ፤ በ1862 አንድ ሳንቲሟም ከገበያ ጠፋች። በፖስታ ቴምብር መገበያየት ተጀመረ፤ እሱ ደግሞ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። ስለዚህ ባለሱቁ ስሙንና አድራሻውን መዳብ ላይ አስመትቶ መልስ ይሰጥ ጀመር። ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ማርትሬዛ ለጥቃቅን ዕቃ አይሆንምና አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ይዘረዝሩ ነበር።

ጥያቄ፦ ነጋዴው አልቀበልም ቢልስ?

መልስ፦ ያለ ሰውም አለ። ሊንደንሙለር የሚባል የኒውዮርክ መጠጥ ቤት ባለቤት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሠራጨ። አንድ የከተማ ባቡር ድርጅት ከተሳፋሪ የሰበሰበውን ይዞ ‹‹ቀይርልኝ›› ቢለው እምቢ አለ፤ የሚያስገድደው ሕግም አልተገኘም። በኤፕሪል 1864 የአንድና የሁለት ሳንቲም ቶክን (እንዲህ ያለው የነጋዴ ሳንቲም) ተከለከለ፣ በጁን ደግሞ የግል ሳንቲም በሙሉ። መንግሥትም ሰው ቀጭኑን መዳብ እንደተቀበለ አይቶ የራሱን ሳንቲም ከወፍራሙ ወደ ቀጭን ነሐስ ለወጠ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከኦሃዮ አንድ ላከችልኝ። ጠቁሯል፤ በሎሚና በአመድ ልፈትገው?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አደራ! ጥቁረቱ የ160 ዓመት ዕድሜው ነው። አንዴ ከፈተግሽው ፊደሉ ይሟሽሻል፣ መዳቡም የማያምር ሮዝ ይሆናል፤ መመለሻ የለውም። እኔ በጀማሪነቴ አንዱን በሎሚ አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ጠርዙን ይዘሽ አንሺው፤ ክረምት ላይ እርጥበት እንዳያገኘው በደረቅ ወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ‹‹አንድ ሳንቲም›› ከሚለው በላይ በደቃቅ ፊደል ‹‹አይደለም›› ይላል። ሐሰተኛ ነው?

መልስ፦ እውነተኛዎቹም እንዲህ ይላሉ። የመንግሥትን ገንዘብ አስመስለሃል እንዳይባል ነው። መዳብ ማግኔት አይስበውም፤ ከሳበው ግን ጠርጥር።

ጥያቄ፦ የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ባንዲራና የአገር ፍቅር መፈክር ብቻ ያለበትም አለ። እኔ ግን የባለሱቅ ስም ያለበትን ግዛ እላለሁ። ከኒውዮርክና ከሲንሲናቲ የወጣው ብዙ ነው። የትንሽ ከተማ መድኃኒት ሻጭ ወይም ዳቦ ጋጋሪ ስም ያለበት ካገኘህ ግን አትለፈው።