ቬክተር ለቬክተር አይካፈልም፤ ታዲያ ይህ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ቬክተር ለቬክተር እንደማይካፈል ተምረን፣ አሁን ደግሞ የአንዱን ቬክተር ዲሪቬቲቭ ከሌላው ቬክተር አንጻር አውጡ ተባልን። ይባስ ብሎ፣ ሦስት ግብዓትና ሁለት ውጤት ላለው ጥያቄ ሃንድአውታችን መልሱን 2 በ3 ማትሪክስ ሲያደርገው፣ ከላይብረሪ የተዋስኩት መጽሐፍ 3 በ2 ያደርገዋል። የትኛውን ልመን?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱንም እመኛቸው፤ ብቻ አትቀላቅያቸው።

ማካፈሉን እርሺው። አጻጻፉ ክፍልፋይ ስለሚመስል ነው ያደናገረሽ። የሚጠየቀው ግብዓቱ ትንሽ ሲነካ ውጤቱ ምን ያህል ይንቀሳቀሳል የሚለው ነው። ግብዓቱም ውጤቱም ብዙ ቁጥር ከሆነ፣ እያንዳንዱ ውጤት ለእያንዳንዱ ግብዓት ያለው ፓርሻል ዲሪቬቲቭ (ሌሎቹ ግብዓቶች ሳይነኩ የሚወጣው ዲሪቬቲቭ) በሰንጠረዥ ይደረደራል። ጃኮቢያን የሚባለው ይኸው ሰንጠረዥ ነው።

ወረቀት አምጪና አብረን እንሥራ። ቀያሽ በመሣሪያው ርቀትና አንግል ያነባል፤ ካርታው ላይ የሚያሰፍረው ግን ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ሰሜን ስንት የሚለውን ነው። ርቀቱ 5 ሜትር ይሁን። አንግሉን ከምሥራቅ እንለካው (ቀያሾች ከሰሜን ነው የሚጀምሩት፣ ለእኛ ግን ይህ ይቀላል)፤ ኮሳይኑ 0.6፣ ሳይኑ 0.8 ይሁን። ርቀቱን በኮሳይኑ ስናባዛ ምሥራቁ 3 ሜትር፣ በሳይኑ ስናባዛ ሰሜኑ 4 ሜትር ይሆናል። አራቱን ፓርሻል ዲሪቬቲቮች ስታወጪ፦

0.6   −4
0.8    3

የላይኛው ረድፍ የምሥራቅ፣ የታችኛው የሰሜን ነው። የመጀመሪያው ዓምድ የርቀት፣ ሁለተኛው የአንግል ነው።

አሁን ርቀቱ በ0.1 ሜትር፣ አንግሉ በ0.01 ሬዲያን ይጨምር። ማትሪክሱን በእነዚህ ሁለት ጭማሪዎች ስታባዢው ምሥራቁ በ0.06 − 0.04 = 0.02፣ ሰሜኑ በ0.08 + 0.03 = 0.11 ይጨምራል። ስለዚህ 3.02 እና 4.11 እንጠብቃለን። በካልኩሌተር በቀጥታ ብታሰዪው 3.019 እና 4.110 ታገኛለሽ። ቀሪዋ ልዩነት ጭማሪው ባነሰ ቁጥር ከጭማሪው ይበልጥ በፍጥነት ትጠፋለች፤ ዲሪቬቲቭ ያሰኘውም ይህ ነው። ካልኩሌተርሽ በዲግሪ ላይ ከሆነ ግን በቀጥታ የምታሰዪው መልስ ይበላሽብሻል። ብዙ ተማሪ ጃኮቢያኑን ትክክል አውጥቶ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው።

ወደ 2 በ3 ጠብሽ እንመለስ። ሃንድአውቱ እኔ ከላይ እንዳደረግሁት ውጤቱን በረድፍ፣ ግብዓቱን በዓምድ አስቀምጧል። መጽሐፉ ገልብጦታል፤ አንዱ የሌላው ትራንስፖዝ (ረድፉ ዓምድ፣ ዓምዱ ረድፍ የሆነበት) ነው። የማትሪክስና የቬክተር ብዜት ዲሪቬቲቭ በሃንድአውቱ ስምምነት ራሱ ማትሪክሱ፣ በመጽሐፉ ግን ትራንስፖዙ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጃኮቢያን ስሙን ያገኘበት ካርል ጉስታቭ ያኮብ ያኮቢ በ1841 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ ዋና ትኩረቱ ዲተርሚናንቱ (ከካሬ ማትሪክስ የሚሰላው አንድ ቁጥር) ነበር፤ ዲተርሚናንት ደግሞ በትራንስፖዝ አይለወጥም። የእኛው ምሳሌ በየትኛውም አደራደር 5 ይሰጣል፤ ርቀቱን ራሱን ማለት ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ የሃንድአውቱን እመርጣለሁ። ቼይን ሩል (ፋንክሽን በፋንክሽን ውስጥ ሲሆን ዲሪቬቲቭ የሚወጣበት ሕግ) ላይ ስትደርሺ የውጪው ፋንክሽን ጃኮቢያን በግራ፣ የውስጡ በቀኝ ሆኖ፣ ልክ ፋንክሽኖቹ በሚጻፉበት ቅደም ተከተል ይባዛሉ። በመጽሐፉ አደራደር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ፈተና ላይ ጊዜ ሲያጥር ይህ አይታወስም። የግራዲየንት ነገር ብቻ እንዳያወዛግብሽ፦ ውጤቱ አንድ ቁጥር ሲሆን የሃንድአውቱ ጃኮቢያን አንድ ረድፍ ብቻ ነው፣ ግራዲየንት (የእነዚያው ፓርሻል ዲሪቬቲቮች ቬክተር) ግን በተለምዶ በዓምድ ይጻፋል። ፈተና ላይ መልሱን ከመጀመርሽ በፊት «ረድፍ ውጤት፣ ዓምድ ግብዓት» ብለሽ ጻፊ፤ አራሚው በመጽሐፉ መንገድ የለመደ ቢሆን እንኳ ማርክ የሚቀንስበት ምክንያት አይኖረውም።